የቱ አሊ? የቱ ታይሰን?

ሰሞኑን ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠው። መሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን አንድ ሪንግ ውስጥ ይቧቀሳሉ። ላብ ይረጫል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ቪዲዮው በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በሦስተኛው ዙር ታይሰን አሊን ሲዘርረው ግን ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። "አሊ እንዲህ አይወድቅም!" "ታይሰንን ፕራይሙ ላይ አላየኸውም ማለት ነው!" ቡናው ቀዘቀዘ። ሒሳብ ከፍለን ከወጣን በኋላ እንኳ በሩ ላይ ቆመን ቀጠልን።

ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አሊ የተወለደው በ1942፣ ታይሰን በ1966 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 24 ዓመት የሚራራቁ ሰዎች በአንድ ዕድሜ አይገናኙም። ቢሆንም ክርክሩን ከንቱ ብዬ ማጣጣል አልፈልግም። በደንብ ከተያዘ ስለ ቦክስ ብዙ ያስተምራል። ችግሩ በደንብ አንይዘውም። ሁለት ስም እንወረውርና መጮህ እንጀምራለን።

ሩጫ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998 10 ሺህ ሜትርን በ26:22.75 ሮጠ። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ወደ 26:17.53 አወረደው። ሰዓቱ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለቱ ፊት ለፊትም ተገናኝተዋል፤ በ2003 ፓሪስ ላይ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ ወጡ። ይህ ሁሉ እያለ "ማን ይበልጣል" የሚለው ሙግት እስካሁን ሰፈር ያጋጫል። ቦክስ ደግሞ ሰዓት እንኳ የለውም። ቦክሰኛ የሚለካው በዚያ ምሽት ፊቱ በቆመው ሰው ብቻ ነው።

ነገሩን በዋናነት የሚያበላሸው "ፕራይም" (ብቃቱ ጫፍ የደረሰበት ጊዜ) የሚለው ቃል ይመስለኛል። ሰው ሁሉ "ፕራይሙ ላይ እያለ" ይላል። እሺ፣ ከመቼ እስከ መቼ? ሲባል ይንተባተባል።

አሊን እንውሰድ። እኔ የማውቀው አንድ አሊ የለም፤ ቢያንስ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በ1964 ማያሚ ቢች ላይ ሰኒ ሊስተንን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው የ22 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ እየበሰለ ሄዶ በኖቬምበር 1966 ሂውስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በሦስት ዙር ጨረሰው። ያንን ፍልሚያ ያላየ ሰው ስለ አሊ ባይከራከር ደስ ይለኛል። እጁ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እግሩ መሬት አይነካም ማለት ይቻላል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ሰው ይጥላል። በማርች 1967 ደግሞ ዞራ ፎሊን በሰባተኛው ዙር ዘረረ። 25 ዓመቱ ነበር። 29 ጊዜ ገጥሞ 29 ጊዜ አሸንፏል። ከወር በኋላ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም አለ። ቀበቶውንም የመቧቀስ ፈቃዱንም ተነጠቀ። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ተቀመጠ።

ሁለተኛው አሊ በኦክቶበር 1970 አትላንታ ላይ የተመለሰው ነው። ኪሎው ጨምሯል፣ እግሩ ከብዷል። ድሮ ሸሽቶ የሚያመልጠውን ቡጢ አሁን ይቀበላል። ግን ብልህ ነው፤ ልቡም ድንጋይ ነው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ገመድ ተደግፎ ጆርጅ ፎርማንን ካደከመ በኋላ በስምንተኛው ዙር የጣለው ይኼኛው ነው። በ1975 ማኒላ ላይ ከጆ ፍሬዚየር ጋር 14 ዙር ሲኦል የወረደውም እሱ ነው።

አብዛኞቻችን የምንወደው ይህን ሁለተኛውን ነው። ታሪኩ እሱ ጋ ነው ያለው። ከታይሰን ጋር ሪንግ ውስጥ ማን ይግባ ከተባለ ግን የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ነው። የሚገርመው እሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አላየነውም። 26፣ 27፣ 28 ዓመቱ ላይ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማንም አያውቅም። ምርጥ ዓመቶቹ ሪንግ ውስጥ አላለፉም።

ታይሰን ጋ ስንመጣ ነገሩ በተቃራኒው ነው። በኖቬምበር 1986 ትሬቨር በርቢክን በሁለት ዙር ጨርሶ፣ በ20 ዓመቱ በከባድ ሚዛን ታሪክ ትንሹ ሻምፒዮን ሆነ። በጁን 1988 ያልተሸነፈውን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ዘረረው። የታይሰን ፕራይም በእኔ ግምት እነዚህ ሁለት ምሽቶች መሀል ያለው ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ያሳደገው አሰልጣኝ ከስ ዳማቶ በ1985 ሞቷል። ሥራውን የቀጠለው ኬቨን ሩኒም በ1988 መጨረሻ ተባረረ። በፌብሩዋሪ 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ በአሥረኛው ዙር ሲዘርረው ታይሰን ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ደጋፊዎቹ "ዳግላስ ያሸነፈው ፕራይሙ ያለፈበትን ታይሰን ነው" ይላሉ። በ23 ዓመቱ! ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የጭንቅላቱ እንቅስቃሴ ቀንሶ ነበር፣ በአንድ ቡጢ ለመጨረስ ይቸኩል ነበር። ስለዚህ ፕራይም ዕድሜ ብቻ አይደለም። አሰልጣኝ ነው፣ ኑሮ ነው፣ ጠዋት የመነሳት ፍላጎት ነው። ቢሆንም ቃሉ መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። ሲያሸንፍ ፕራይም፣ ሲሸነፍ "አልፎበት ነው" ከተባለ ማንም ሰው ተሸንፎ አያውቅም ማለት ነው።

ይህ መሸሸጊያ ዛሬም በደንብ እየሠራ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ቴረንስ ክሮፎርድ ከ70 ኪሎ ገደማ ተነስቶ በ76 ኪሎ ሚዛን ካኔሎ አልቫሬዝን ላስ ቬጋስ ላይ በነጥብ አሸነፈ። በማግስቱ የሰማሁት ምንድን ነው? "ካኔሎ 35 ዓመቱ ነው፣ አልፎበታል።" ክሮፎርድ ደግሞ 37 ነበር።

በሌላ በኩል፣ በኖቬምበር 2024 ታይሰን በ58 ዓመቱ ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር ሲገጥም "ታይሰን ታይሰን ነው፣ አንድ ቡጢ ይበቃዋል" ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ ልደብቅ አልችልም። ሁለት ሁለት ደቂቃ የሚቆዩ ስምንት ዙሮች ነበሩ። ሽማግሌው ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጓንቱን ሲነክስ ነው ያየሁት። በነጥብ ተሸነፈ። ስም ቡጢ እንደማይሰነዝር ያን ሌሊት ገባኝ።

ሁሉም ቦክሰኛ ደግሞ በአንድ ዓይነት መንገድ አያረጅም። በዓይንና በፍጥነት የሚኖር ቦክሰኛ ሲወድቅ እንደ ገደል ነው። ሮይ ጆንስን አስታውሱ። በማርች 2003 ከከባድ ሚዛን በታች ካለው ቀላል ከባድ ሚዛን ተነስቶ ጆን ሩይዝን በማሸነፍ የከባድ ሚዛን ቀበቶ አጠለቀ። በሜይ 2004 አንቶኒዮ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው። 14 ወር ብቻ! ጆንስ አሰልጣኞች እንደሚያስተምሩት እጁን አፉ ላይ አድርጎ የመቧቀስ ልማድ አልነበረውም፤ አያስፈልገውም ነበር። ዓይኑ በትንሹ ሲዘገይ የሚሸሸግበት ሌላ ቤት አልነበረውም።

በርናርድ ሆፕኪንስ በተቃራኒው በ46 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እሱ የሚያሸንፈው በርቀት አጠባበቅ፣ በመያያዝ፣ ተቃዋሚውን በማበሳጨት ነበር። ይህ ቶሎ አያረጅም። ሁለቱ በ1993 ተገናኝተው ጆንስ በነጥብ አሸነፈ። በ2010 እንደገና ተገናኙ፤ አሁን ሆፕኪንስ አሸነፈ። አንደኛው 45 ዓመቱ፣ ሌላው 41። እንግዲህ ማን ይበልጣል? እኔ የመጀመሪያውን ፍልሚያ ነው የምቆጥረው፤ ሁለተኛው ስለ እርጅና እንጂ ስለ ቦክስ ብዙ አይነግረኝም። ሌላው ሰው ደግሞ በ1993 ሆፕኪንስ ገና ያልበሰለ ነበር ይላል። እሱም ልክ ነው።

አሁን ወደ ስታይል እንምጣ። ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ሀ ለን ከመታ፣ ለ ሐን ከመታ፣ ሀ ሐን ይመታል" የሚለው ሒሳብ ቦክስ ውስጥ አይሠራም። ፍሬዚየር በማርች 1971 አሊን 15 ዙር ታግሎ አሸነፈው፤ በመጨረሻው ዙር በግራ ሁክ (ከጎን ታጥፎ በሚመጣ ቡጢ) መሬት ላይ አስቀመጠው። ፎርማን በጃንዋሪ 1973 ኪንግስተን ላይ ያንኑ ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። ኬን ኖርተን በዚያው ዓመት የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈው። ፎርማን ኖርተንንም በ1974 በሁለት ዙር ጨረሰው። በዚህ ሒሳብ ፎርማን አሊን መግደል ነበረበት። ብዙ ሰውም ይኸንኑ ፈርቶ ነበር። ኪንሻሳ ላይ የሆነው ግን ይታወቃል።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ፍሬዚየር ጎንበስ ብሎ ወደ ፊት የሚገፋ ቦክሰኛ ነው፤ ማሸነፍ የሚችለው ደረት ለደረት ሲገናኝ ብቻ ነው። ፎርማን ወደ እሱ የሚመጣን ሰው በእጁ እየገፋ ርቀቱን አስተካክሎ በአፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚወጣ ቡጢ) የሚያነሳ ነው። ስለዚህ ፍሬዚየር ራሱን ለፎርማን በሰሃን አቀረበለት። አሊ ደግሞ ርቀቱን እንደፈለገ ይቀያይራል፣ አንገት ይይዛል፣ ቡጢ ይቀበላል፣ ያወራል። ፎርማን የሚገፋው ሰው አጣ። ኖርተንስ? እግሩን እየጎተተ፣ እጁን ፊቱ ላይ አጣምሮ ይመጣል፤ ጃቡን (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚላከውን ቡጢ) ከአሊ ጃብ ጋር እኩል ይልካል። አሊ ሦስት ጊዜ ገጥሞት ሦስቱንም ተቸግሯል። ለፎርማን ግን ኖርተን ቀላል ምሳ ነበር።

በ1980ዎቹም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ቶማስ ኸርንስ በ1984 ሮቤርቶ ዱራንን በሁለት ዙር ዘረረ። አይራን ባርክሊ በ1988 ኸርንስን በሦስት ዙር ዘረረ። በዓመቱ ዱራን ባርክሊን አሸነፈ። ክብ ሠርቶ ተዘጋ።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ። የ1967ቱን አሊና የ1988ቱን ታይሰን አንድ ሪንግ ውስጥ አስገባሁ እንበል። አሊ 191 ሴንቲሜትር ነው፣ ክንዱ ሲዘረጋ 198። ታይሰን 178፣ ክንዱ 180 ገደማ። ክብደታቸው ያን ያህል አይራራቅም፤ ሁለቱም ከ96 እስከ 99 ኪሎ አካባቢ ናቸው።

የታይሰን አሠራር እንዲህ ነው። ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ ይለጥፋል። ጭንቅላቱ አንድ ቦታ አይቆምም። ጃብ ሲላክበት ከሥሩ ይሾልክና በግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይወጣል። ከዚያ ቀኝ ቡጢ ጎድን ላይ፣ ወዲያው አፐርከት አገጭ ላይ። ተቃዋሚው የት እንዳለ ሳያይ ይወድቃል። ለዚህ ሁሉ ግን ጃቡ አንድ ቦታ መምጣት አለበት፣ ጃቡን የላከው ሰውም እዚያው መቆም አለበት። የ1967ቱ አሊ እዚያው አይቆምም። ጃቡን ልኮ እጁ ሳይመለስ እግሩ ሄዷል።

ታይሰንን ያስቸገሩትን ተመልከቱ። በ1986 ጄምስ ቲሊስ፣ በእግሩ እየዞረ፣ 10 ዙር አብሮት ጨረሰ። በ1987 ጄምስ ስሚዝ እያቀፈው 12 ዙር ቆየ፤ ትንፋሽ የሚያስጨርስ አሰልቺ ፍልሚያ ነበር። ቶኒ ተከርም በዚያው ዓመት 12 ዙር ሄደ። ታይሰን ሲያዝ እጁን አያስለቅቅም፤ ዳኛውን ይጠብቃል። አሊ ደግሞ በመያዝ ሊቅ ነው። በጃንዋሪ 1974 ፍሬዚየርን ሲረታ ምሽቱን ሙሉ አንገቱን እየጎተተ ነበር።

"ፍሬዚየር አሊን ከመታ ታይሰንማ" የሚለው ክርክር ጠንካራው ነው፤ ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። ግን ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ፍሬዚየር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከአሥረኛው ዙር በኋላ ይብሳል። ታይሰን በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች አውሎ ነፋስ ነው፤ ከስድስተኛው በኋላ ቡጢው እየተራራቀ አንድ አንድ እየሆነ ይመጣል። ፍሬዚየር ያሸነፈውም ሁለተኛውን፣ ከእገዳ የተመለሰውን አሊ ነው።

ለታይሰንም ፍትሕ ልስጥ። ቁመት ብቻውን አያድንም። ታይረል ቢግስ የ1984 ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ነው፣ 196 ሴንቲሜትር ነው፤ ታይሰን በሰባተኛው ዙር አስቆመው። አሊ ደግሞ አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ቡጢ ሲመጣ ጎንበስ አይልም፤ አገጩን ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። በ1963 ለንደን ላይ ሄንሪ ኩፐር በግራ ሁክ ጥሎታል። ኩፐር 84 ኪሎ ገደማ ነበር። ያንን ሁክ የታይሰን ትከሻ ቢልከውስ? አሊን እንደ ያኔው ደወል የሚያድነው አይመስለኝም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ አሊ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ካለፈ በአሥረኛው ዙር አካባቢ ዳኛ ታይሰንን ያስቆምለታል ወይም በነጥብ ያሸንፋል። ከአሥር ምሽት ሰባቱን እሰጠዋለሁ። ሦስቱ ምሽት አጭርና አሰቃቂ ነው የሚሆነው። የ1975ቱ አሊ ከሆነ ግን ውርርዴን አነሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ በርቢክን አታምጡብኝ። በርቢክ በዲሴምበር 1981 አሊን አሸንፏል፣ ታይሰን በርቢክን በሁለት ዙር ጨርሷል፣ "ስለዚህ" ይባላል። ያኔ አሊ 40 ሊሞላው አንድ ወር የቀረው፣ ምላሱ የተያዘ ሰው ነበር። ያ ምሽት በማንኛውም ክርክር ውስጥ መግባት የለበትም።

ሌላው የወጣቶቹ መከራከሪያ መጠን ነው። "የዛሬ ከባድ ሚዛን ግዙፍ ነው፤ የድሮዎቹ ይደቅቃሉ።" ግማሹ እውነት ነው። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ 49ኙንም ያሸነፈው በ85 ኪሎ ገደማ ነው። ዛሬ ቢሆን ከባድ ሚዛን ውስጥ አይገባም ነበር፤ ከሥሩ ባለው ክሩዘር ሚዛን ነው የሚቧቀሰው። ኦሌክሳንደር ኡሲክ ግን ከዚያው ክሩዘር ሚዛን ወጥቶ በ2024 ታይሰን ፊዩሪን (ማይክ ታይሰን አይደለም) ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ፊዩሪ 206 ሴንቲሜትር ነው፤ በመጀመሪያው ፍልሚያ ከኡሲክ በ17 ኪሎ ያህል ይከብድ ነበር። ኡሲክ ስንት ነው? 191፣ ክንዱ 198። ልክ እንደ አሊ። ሁለቱ የተወለዱትም በአንድ ቀን ነው፣ ጃንዋሪ 17። አሊ ለዛሬ ትንሽ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ ኡሲክን ያስረዳኝ። ስለ ማርሲያኖ የሚያሳስበኝ ኪሎው ሳይሆን ክንዱ ነው። አጭር ክንድ ይዞ ወደ ፊዩሪ መጠጋት ማለት ብዙ ጃብ እየበሉ መንገድ መሄድ ነው።

ሕጉም ይለያያል። የዓለም ሻምፒዮና ድሮ 15 ዙር ነበር። በኖቬምበር 1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋር እስከ 14ኛው ዙር ታግሎ ከሞተ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ወደ 12 የወረደው። ሦስት ዙር ትንሽ ይመስላል። አሊና ፍሬዚየር ማኒላ ላይ 12 ዙር ብቻ ቢሆን ኖሮ የዳኞች የነጥብ ወረቀት ነበር የሚጠበቀው። ሪንግ ውስጥ ያለው ዳኛም ወሳኝ ነው። መያያዝን ወዲያው የሚያላቅቅ ዳኛ ለታይሰን ነው፣ ዝም የሚል ዳኛ ለአሊ። ክርክር ስትጀምሩ ዳኛውን አብራችሁ ምረጡ።

ያ የጓደኛዬ ቪዲዮ አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። በ1967 አንድ አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር የታሪኩን ከባድ ሚዛኖች በኮምፒውተር አጋጥሞ በሬዲዮ አስተላልፏል። አሊ ከብዙ ዘመን በፊት በነበረው በጂም ጄፍሪስ ተሸንፏል ተባለ። ተናዶ ከሰሰ። በ1969 ያው ፕሮዲዩሰር አሊንና ማርሲያኖን በአካል ስቱዲዮ አስገባቸው። አሊ ታግዶ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ማርሲያኖ ከ13 ዓመት በፊት ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ኪሎ ቀንሶ፣ ራሱ ላይ የተገዛ ፀጉር ደፍቶ መጣ። አንድ አንድ ደቂቃ የሚሆኑ ብዙ ዙሮችን ለካሜራ ተቧቀሱ። መጨረሻውም በተለያየ መንገድ ተቀረፀ፤ አንዴ ይኼኛው ይወድቃል፣ አንዴ ያኛው። ኮምፒውተሩ ይወስናል ተባለ።

ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 ሲኒማ ቤት ገባ። የአሜሪካ ተመልካች ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ሲዘርር አየ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አሊ ያሸነፈበት ታየ። ማርሲያኖ ግን ሁለቱንም አላየም። ቀረፃው ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኦገስት 31፣ 1969፣ የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ወድቃ ሞተ። ማን እንዳሸነፈ ሳይነገረው።